የሐጂ ጆንያ

መርካቶ ወፍጮ ቤት በቆሎ የምፈጨው እኔ ነኝ። ሰልፉ አስፋልት ሲደርስ አሠሪዬ «ወፍጮው አልቻለም፤ ላሞቼን ሸጬም ቢሆን ሌላ እገዛለሁ» አሉ። ወፍጮው ምን አጠፋ! ግማሹን ጠዋት ባዶውን ሲዞር ሰዓት ይዤ አይቻለሁ። ሰዉ ጆንያውን አሰልፎ ገበያ ይሄዳል፤ እሱ ካልመጣ እህሉ አይፈጭም፣ ጆንያውን ደፍሮ የሚያልፍም የለም። አንድ ቀን ፊት ላይ የቆመው የሰፈራችን ትልቅ ሰው የሐጂ ጆንያ ነበር። ሐጂ የሉም፤ ከኋላ ልጅ ያዘለች ሴት ፀሐይ ይመታታል። ጆንያውን ወደ ግድግዳ ገፋሁና የሴትዮዋን በቆሎ ጨመርኩ። ይሄኔ ሐጂ ደረሱ።

«አንቺ! ወረፋዬን ለማን ሰጠሽብኝ?» አሠሪዬ «ማሎ፣ እባክሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው!» አሉኝ። «አልጠይቅም! የተሰለፈው ጆንያዎ ነው ሐጂ፤ እርስዎ አልነበሩም። እኔ የምፈጨው ለቆመ ሰው ነው።» ሐጂ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ጆንያቸውን አሸክመው ወጡ። «እሳቸው ከቀሩ አንቺም ትቀሪያለሽ» አሉኝ አሠሪዬ። እኔ ግን በነጋታውም ሰው የሌለበትን ጆንያ እየገፋሁ ፈጨሁ። በሳምንቱ ሰልፉ ከበራፍ አላለፈም። ሐጂም መጡ፤ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ተራ ጠበቁ። አንድ ጎረምሳ ጆንያውን ጥሎ ሊሄድ ሲል ከዘራቸውን አነሱበት፤ «ወዴት? እዚህ ቤት ጆንያ አይሰለፍም!»