እትዬ ዘይቡን ኒሻ ዳቦ ቤቱ በር ላይ የቆሙ ቀን

እትዬ ዘይቡን፣ ዛሬ በጡረታ ሽኝትዎ ላይ እኔን ማረም አይፈቀድም፤ ቁጭ ብለው ያዳምጡ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የሃይማኖት መምህራችን እትዬ ዘይቡን ኮምፒዩተር ወደማስተምርበት ክፍል የመጡ ቀን፣ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው ነበር። "ፋያዝ፣ የተሰረዘ መልእክት የት ይሄዳል?" አሉኝ። "ይጠፋል" አልኳቸው። "ሲጠፋ ያየ ሰው አለ?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ልጆቻችንን ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አብረን ስናስተምር፣ ጠያቂዋ እሳቸው፣ ላብ በላብ የምሆነው እኔ ነኝ።

ልማዳቸውን ታውቃላችሁ። በመልእክት "እሺ" ለማለት እንኳ ሰላምታ አስቀድመው፣ ከታች ስማቸውን ጽፈው ነው የሚልኩት። አንድ ቀን ተማሪያችን አዝማት፣ "እትዬ፣ እንደ እናቴ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በሐሰት ስም ቢገቡ እኮ ብዙ ያያሉ" ቢላቸው፣ "በሐሰት ስም ገብቼ ስለ እውነት ላስተምርህ?" አሉት። ቀጥለውም፣ "ደግሞ ፎቶህ ላይ ሸሚዝህን ቆልፍ።"

ከሦስት ዓመት በፊት ግን ሳቁ ጠፋብን። የዘጠነኛ ክፍሏ ሩቢና ስታለቅስ የተቀረጸ ቪዲዮ ተሰራጨ፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት መምጣት አቆመች። ከመምህራኑ ግማሾቻችን "ስልክ ይከልከል" አልን፣ ግማሾቻችን "ያሰራጩት ይባረሩ።" እትዬ ዘይቡን ልጆቹን ሰብስበው ስለ ራሳቸው ተናገሩ።

"የዳቦ ጋጋሪው የታይብ ብስኩት የአሳማ ስብ አለበት የሚል መልእክት ሳላጣራ ለአርባ ሰው ልኬአለሁ። ውሸት ነበር። ወሬ ሲመጣ አጣሩ የሚለውን የቁርኣን ትእዛዝ የማስተምራችሁ እኔ ነኝ። ይቅርታ ሳልጠይቅ ስድስት ወር አለፈ። አሁን ልሄድ ነው፤ መምጣት የፈለገ ይምጣ።"

ሃያ ሦስት ልጆች ተከተሏቸው። እዚሁ ባ ከተማችን ገበያ መሐል፣ ደንበኛ በተሰለፈበት፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመው "ታይብ፣ ስምህን አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ" አሉ። ሰውየው ወደ በሩ ወጣ። "እኔን ያስከፋኝ እርስዎም ማመንዎ ነው" አላቸውና እጃቸውን ያዘ። እትዬ አለቀሱ፤ ልጆቹ ሁሉ አዩ። አንድም ስልክ አልወጣም።

በማግስቱ ቪዲዮውን የቀረጸው አዝማት፣ ማንም ሳያዘው፣ ከአባቱ ጋር ይቅርታ ሊጠይቅ ሩቢና ቤት ሄደ። ይህን እንድናገር የፈቀደልኝ እሱ ራሱ ነው። ቪዲዮውን ያሰራጩት ሌሎቹም ተከተሉት። በሁለተኛው ሳምንት ሩቢና ተመለሰች። ዛሬ ታናናሾቹን ተማሪዎች ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚያስተምሩት ሩቢናና አዝማት ናቸው።

እትዬ ዘይቡን፣ ከእርስዎ ጎን ቆሜ ማስተማሬን ለልጆቼ በኩራት ነው የምነግራቸው። እናመሰግናለን።

በሉ፣ የሎሚ ጭማቂያችሁን አንሡ። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ ላባሳ ከተማ ያሉት የልጅ ልጆችዎም እስኪበቃቸው ይጥገቡዎት። ለእትዬ ዘይቡን ኒሻ።