ድመት የማትፈራ አይጥ

ከሓወልቲ ወደ ዓዲ ሓቂ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ወንድምና እህት ተቀምጠዋል። ወንድምየው አዲስ አበባ ስላደገ የሚያወሩት በአማርኛ ነው።

«አባባ ለትዳር የመረጡልሽን ሰው እምቢ ያልሽው ጤና ስላጣሽ ነው» አላት።

«ምን ሆኜ?»

«ደምሽ ሲመረመር ከድመት የሚመጣው ተውሳክ ተገኝቶብሽ የለ? ሆርሞን ያዛባል፣ ጠባይ ይቀይራል። ማንን እንደምትወጂ እንኳ እሱ ነው የሚወስነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ። ተውሳኩ የያዛት አይጥ ድመት መፍራት ትተዋለች። አንቺም አባባን መፍራት ተውሽ።»

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እኔም አንብቤዋለሁ። የአይጧ እውነት ነው። በሰው ላይ ግን ገና እያጠኑት ነው።»

«ድሮ እኮ ቀና ብለሽ አታዪያቸውም ነበር!»

«ድሮ ልጅ ነበርኩ። አሁን ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። ሰውየውን ሁለት ጊዜ አገኘሁት፤ ስለ እኔ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ይሄን ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው፣ በተውሳክ አይደለም።»

«አባባ መድኃኒቱን ትውሰድ ብለዋል።»

«ሐኪሟ አያስፈልግሽም ብላኛለች። ካስፈለገም እውጠዋለሁ፤ ውጬም እምቢ እላለሁ።»

«እና ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ልክ እንደነገርኩህ ንገራቸው። ወራጅ አለ!»

እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ፣ በእሷ ዕድሜ ለአባቴ እሺ ያልኩበትን ቀን አስታወስኩ።