የጋሼ ደምሴ የባሩድ ጣሳ

እኔ ማግነም የሚባለውን ሽጉጤን የእርሳስ ጥይት ኦሮራ ከተማ ባለው ቤቴ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ባሩዱን ራሴ እየሞላሁ ነው የምሠራው። ቅዳሜ ዕለት ተኩስ ያለማመዱኝ ጋሼ ደምሴ አንድ ጣሳ ባሩድ ይዘውልኝ መጡ። ጣሳው ላይ የተጻፈው እኔ የምፈልገው፣ ቀስ ብሎ የሚነደው ዓይነት ነው። ደስ ብሎኝ ስከፍተው ግን የባሩዱ ፍሬ የሌላ ዓይነት መሰለኝ። «ጋሼ፣ ሲገዙትም እዚህ ጣሳ ውስጥ ነበር?» አልኳቸው። «የራሱ ጣሳ ዝጎብኝ እዚህ ገለበጥኩት። ያው ባሩድ ነው፤ ሙላበት!»

«አልሞላበትም!» ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔን ነው የማታምነው?» ምን ልበላቸው? ኪችን ገብቼ የሚስቴን ጣሳ አመጣሁና «ምን ይላል?» አልኩ። «ቡና» አሉ። «ይክፈቱት።» ከፈቱት፤ ሽሮ ነው። «ሚስቴ ብትሳሳት የሚበላሸው ምሳ ነው። እኔ ግን ቶሎ የሚነደውን ባሩድ በዝግተኛው ልክ ብሞላ ሽጉጡ እጄ ላይ ይፈነዳል። እርስዎን አምናለሁ፤ ጣሳውን አላምነውም!» ተነሥተው ወጡ። ተቀየሙኝ ብዬ ከፋኝ፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ወዲያው የመኪናቸው በር ሲከፈት ሰማሁ። ሦስት ሌላ ጣሳ ታቅፈው ተመለሱና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«በል፣ እነዚህንም ገልብጫቸው ነበር፤ ከዚያኛው ጋር አብረህ ድፋልኝ» አሉኝ።