አምስት ሃርድ ዲስክ ባንዲት ገመድ

ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶግራፍ ልነሣ ወደ ሰፈራችን ፎቶ ቤት ጎራ ብል፣ ባለቤቱ ሽማግሌና ኮሌጅ የምትማረው የወንድማቸው ልጅ በክርክር ተፋጠው አገኘኋቸው። ጥግ ላይ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ቦርሳዋን ታቅፋ ትጠብቃለች። አባቷ በቅርቡ ሞተዋል። በሠርጓ ቀን ያደረጉላት ንግግር የተቀረጸበት ቪዲዮ የሚገኘው ሽማግሌው ዘንድ ብቻ ነው፤ እሱን ይዛ ዛሬውኑ ወደ ታማሚ እናቷ መሄድ አለባት።

ኮምፒውተሩ ግን ከኤሊ ብሷል። አምስት ሃርድ ዲስኮች ባንዲት ትንሽ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተዋል፤ ማከፋፈያዋ ደግሞ ባንዲት ቀጭን ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዛለች። ቪዲዮው ትንሽ ይገለበጥና ይቆማል፤ ዲስኩም ድንገት ከስክሪኑ ላይ ይጠፋል።

«አጎቴ፣ እባክዎ የማንፈልጋቸውን እንንቀላቸው» አለች ልጅቱ።

«ምን በወጣቸው! ዓመቱን ሙሉ እንደተሰኩ ነው የኖሩት። ኮምፒውተሩ ነው ያረጀው።»

«እርስዎስ አርጅተው የለ? ሥራ ግን አልተዉም።» ሽማግሌው ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ። «አምስቱም ኃይል የሚስቡት ካንድ ቀዳዳ ነው፤ ስለማይበቃቸው አንዱ ይጠፋል። መረጃውም የሚመላለሰው በዚያችው ገመድ ነው። ይባስ ብለው በጎን የሌላ ሰው ሠርግ እየገለበጡ ነው።»

«አንድ ላይ ቢሠራ ቶሎ ያልቃል ብዬ ነዋ!»

«ሲሻሙ ሁለቱም ይዘገያሉ እንጂ።»

ግትር ሰው ስለሚያናድደኝ ጣልቃ ልገባ ዳድቶኝ ነበር። የሽማግሌው ድምፅ ግን ድንገት ተለወጠ።

«ድሮ አንዱን ዲስክ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ቆይቼ ብሰካው ሞቶ አገኘሁት። የሟች ባለቤቴ ምስል በሙሉ እሱ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዱንም አልነቅልም።»

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አጎቴ፣ የአክስቴ ምስል የጠፋው ዲስኩ ስለተነቀለ አይደለም፤ ሌላ ቅጂ ስላልነበረው ነው። የእኚህ እኅት አባት ንግግርም አሁን ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ዞረው ሴትዮዋን አዩ። ከዚያ ሁለቱንም ግልበጣ አቆሙና፣ ልጅቱ እንዳሳየቻቸው መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ዲስኩን እንዲለቅ እያዘዙ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። ቪዲዮው ያለበት ዲስክ በቀጥታ በኮምፒውተሩ አንድ ቀዳዳ፣ ሴትዮዋ ለመገልበጫ ያመጣችው ዲስክ በሌላው ተሰካ። እኔ መስታወት ፊት ከክራባቴ ጋር ስታገል ግልበጣው አለቀ።

«ሁሉም ባንዴ መሰካት ካለባቸውስ?» ሲሉ ጠየቁ ሽማግሌው፤ አሁን እንደ ተማሪ ሆነዋል።

«የራሱ የመብራት ገመድ ያለው ማከፋፈያ ይግዙ። ያኔም ቢሆን የሚገለበጠው በየተራ ነው።»

በትክክል መገልበጡን ለማየት ቪዲዮውን ከፈቱት። የሟቹ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ «ልጄ፣ ቤትሽ ስትገቢ ደውይ። እናትሽ ድምፅሽን ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም።» ሴትዮዋ እያለቀሰች ሳቀች፤ ዲስኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ ወጣች።

ዛሬ በዚያ ፎቶ ቤት ሥራ በቀጠሮው ይደርሳል፤ ዲስክ ጠፋ ተብሎ የሚመለስ ደንበኛም የለም። የዚያን ቀን ግን ሽማግሌው የእኔን ፎቶ ረስተው መሳቢያቸውን ከፈቱ። የሞተውን ዲስክ አውጥተው ጥቂት ያዙትና መልሰው አስቀመጡት።

«በይ ልጄ፣ ከሠርጎቹ እንጀምር» አሉ። «ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቅጂ። ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይሆን።»