«ይዣለሁ»፦ የፍሬን ሠሪው የቀስ በሉ ዜና ሕይወት

ዘመኑ 1973 ዓ.ም. ነበር፤ ዝናቡ ዘግይቶ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ነፋሱ አቧራ ብቻ ይዞ በሚመጣበት በዚያ ደረቅ ዓመት፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው ከገበሬ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። በተወለዱ ማግሥት ዝናብ ጣለ። እናታቸው የልጄ ገድ ነው ይሉ ነበር፤ አባታቸው ዘር ሊዘራ ወጥቶ ነበር።

ይህን የሚያነበው ያው አባታቸው ነው። በሕይወት ሳሉ አንተ ይላቸው ነበር፤ ዛሬ እርሳቸው ይላቸዋል። ወጉ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ይገባቸዋል።

በልጅነታቸው አባታቸው ምርቱን በጋሪ ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ አብረው ይሄዱ ነበር፤ ጋሪው በቆመ ቁጥርም ማንም ሳያዛቸው ድንጋይ ፈልገው ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጉ ነበር። ሜዳ ላይ ቢቆም እንኳ አይተዉም። እናታቸው ይህ ልጅ አልጋውንም ታኮ ሳያደርግለት አይተኛም እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የመኪና ጥገና ለመማር ፈለጉ። አባታቸው እርሻውን ይረከበኛል ብሎ ያስብ ስለነበር ሂድም ቅርም አላላቸውም፤ በመሄጃቸው ጠዋት ግን ሻንጣቸውን ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኛቸው። መንገዱን ሙሉ ያወሩት ስለ በሬው እግር ብቻ ነበር።

ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ በሰው ጋራዥ ተቀጥረው ሠርተው፣ በመጨረሻም ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት የጠገበ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ከመኪና ሥራ ሁሉ ፍሬንን መረጡ። ፒካፕ ሲመጣላቸው ክሪክ ለማንሣት አይቸኩሉም፤ ባለቤቱን አጠገባቸው አስቀምጠው ይነዱታል፤ ሲመለሱም ያተኮሰው ሕፃን ግንባር እንደሚነካ ሰው ጎማዎቹን በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ። ከሌሎቹ ይልቅ የጋለው ታማሚው እርሱ ነው። የቸኮለ ሾፌር ቢጮህባቸው ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሲያስረክቡ ለሁሉም የሚሉት አንድ ቃል ነበር፤ «ቀስ በሉ» ይላሉ፤ እርሱው ስማቸው ሆኖ ቀረ።

የፍሬን መስመር ሲከፈት አየር ይገባበታል። አየሩን ለማስወጣት አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ፍሬኑን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ከሥር ገብቶ የማስወጫዋን ቡሎን ፈታ አድርጎ መልሶ ያጠብቃል። ከሥር ያለው «ያዝ» ሲል ከላይ ያለው «ይዣለሁ» ካላለ ቡሎኗ አትነካም፤ ቡሎኗ ሳትጠብቅ እግር ከተነሣም አየሩ ተመልሶ ይገባና ልፋቱ ከንቱ ይቀራል። አንድ ቀን የሚረግጥላቸው ሰው ጠፋ፤ ከአጎታቸው ጋር በፒካፕ የመጡ አንዲት ወጣት ልርገጥልዎ አሉ። ቀስ በሉ ቡሎኗን አጠበቁ፤ ነገር ግን ልቀቂ ማለቱን ትተው ከመኪናው ሥር እንደተኙ ሰፈርሽ የት ነው፣ ማን ማን አለሽ ማለት ጀመሩ። ወጣቷም እግራቸው እስኪደነዝዝ ያዙ። በሠርጋቸው ቀን ይህን ለእንግዳው ተናግረው፣ «ልቀቂ ስላላለኝ ይኸው ይዤው ቀረሁ» አሉ። ያን ቀን አባታቸውም ሳቀ፤ እናታቸው እስከ ዛሬ ያነሡታል። ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው ከጋራዡ አልወጡም፤ ሥራውን ተምረው ከሥርም መግባት ጀመሩ። ሴትና ወንድ ልጅም ወለዱ።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ፤ እግራቸው አበጠ፤ ሐኪሙም ከመኪና ሥር መግባት ከለከላቸው። አልጋቸውን ግቢውን ወደሚያሳየው መስኮት አስጠጉላቸው። በዚያው ሰሞን የአባታቸው አሮጌ ፒካፕ ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ መጎተት ጀመረ። ሌላ ጋራዥ የፍሬን ሸራውን ቀየሩለት፤ ጥቂት ደህና ሆኖ ያው ሆነ። ቀስ በሉ ከአልጋቸው ሆነው አባታቸውን ይጠይቁት ጀመር፤ ጠዋት ሲነሣ ይጎትታል ወይ፣ ወይስ ከተነዳ በኋላ ነው፣ የግራው የፊት ጎማ ይግላል ወይ፣ ቆሞ ሲውልስ ይለቃል ወይ እያሉ። አባታቸው በዓመት የማይናገረውን በአንድ ከሰዓት ተናገረ።

ባለቤታቸው ቀስ በሉ እንደነገሯቸው አደረጉ፤ ፒካፑን ነድተው ጎማው ሲይዝ በክሪክ አነሡት። የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማው ከሚያደርሰው የላስቲክ ቱቦ በላይ ያለውን ማያያዣ ሲያላሉ ጎማው እንደያዘ ቀረ፤ ከቱቦው በታች ያለችውን የማስወጫ ቡሎን ሲፈቱ ግን ወዲያው ተለቀቀ። ከውጭ ደህና የሚመስለው ቱቦ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን ያስገባል እንጂ አይመልስም ነበር። ቀስ በሉ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ «እንደ አባዬ ነዋ፤ የገባ አይወጣም» አሉ። አዲስ ቱቦ ተገጠመ። አየሩን ማስወጣት ብቻ ሲቀር፣ ነገ ወርጄ ካላየሁ እንዳትነኩት አሉ። በማግሥቱ ጠዋት አረፉ።

ዘመድ ተሰብስቦ አስከሬኑ በኪራይ መኪና ይሂድ፣ ጋራዡም ይዘጋ ሲል አባታቸው ሰማ። ወጥቶ ፒካፑ ውስጥ ተቀመጠ። ባለቤታቸው በመስኮት አዩት፤ ነጠላቸውን አስቀምጠው፣ መፍቻውን አንሥተው ከሥር ገቡ።

«ያዙ አባባ።»

«ይዣለሁ።»

የአየሩ አረፋ እስኪያልቅ ደጋገሙት። በመጨረሻ ባለቤታቸው ቡሎኗን አጥብቀው እዚያው ከሥር አለቀሱ፤ አባታቸውም እግሩን አላነሣም። ልቅሶው ሲወጣላቸው «ይልቀቁ» አሉት፤ ለቀቀ። ነድቶ ተመለሰና ጎማዎቹን በእጁ ጀርባ ዳሰሰ። ሁሉም እኩል ነበሩ። ዛሬ ቀስ በሉን ቁልቁለቱን ያመጣቸው ያ ፒካፕ ነው፤ በመካነ መቃብሩ በር ላይ ሳይጎትት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አባታቸውም ታኮ አደረገለት።

ቀስ በሉ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታቸውን፣ እኅታቸውንና አባታቸውን ትተው ሄደዋል። ጋራዡ አይዘጋም። አባታቸው እርሻውን ለእኅታቸው ባል አስረክቧል፤ ከሰኞ ጀምሮ ባለቤታቸው ከሥር ይገባሉ፤ እርሱ ይረግጣል። ይህን ሁሉ ከአፉ ማውጣቱን ቀስ በሉ ቢሰሙ ይስቁበት ነበር።

ስንቱን መንገደኛ ለቤቱ ያበቁትን እኚህን ሰው ፈጣሪ ከቤቱ ያስገባቸው፤ ነፍሳቸውን እርሱ ይያዝልን።

ልጄ፣ የቀረውን ይዣለሁ።