የሬዲዮ ጸጉር

ኧረ ይግቡ መምህር፣ ይግቡ! ምን በር ላይ ያቆምዎታል? ወንበሩ የእርስዎ ነው። ጃኬቱን እዚህ ይስቀሉት… እንዲህ። ፈተናውን አርመው ጨረሱ? አይ፣ ፊትዎ አልጨረስኩም ይላል። በሉ ደገፍ ይበሉ። ጺሙን ብቻ ነው አይደል? ጸጉሩ ገና ነው፣ ትንሽ ይቆያል። ውሃው ሞቅ ያለ ነው፣ እንዳይደነግጡ። ወንድሜ፣ እስቲ ያቺን ፎጣ አቀብለኝ… ወንድሜ! አልሰማኝም። ጆሮው ውስጥ እነዚያን ነጫጭ የስልክ ማዳመጫዎች ሰክቶ ነው። ይተውት፣ ትምህርት ላይ ነው። እኔው አመጣዋለሁ።

አሁን አረፋ ስቀባዎት አይናገሩ። ምላጩን ስይዝ ደግሞ ጭራሽ። እኔ አወራለሁ፣ እርስዎ በዓይንዎ ይመልሱልኝ።

ለመሆኑ መምህር፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረው፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አስተምረው፣ አይቆጭዎትም? ዘንድሮ እኮ ሰው ስልኩን መስታወት ላይ አስደግፎ፣ ጸጉር እየቆረጠ የሥነ ልቦና ሊቅ ይሆናል። ይሆናል ስል… ሆነ እንጂ! እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ሐሜት እንደማልወድ ያውቃሉ። ዶክተሩ ነው የምንለው፣ እሱ ይበቃል። በሙያው እንደኛው ጸጉር አስተካካይ ነው። እጁን ካዩት ደግሞ የሚገርም እጅ ነው፤ እሱን አልክድም። ድሮ የኳስ ጎል ብቻ ነበር የሚያየው። አንድ ቀን ከሁለት ጎል መሃል አንዲት ቪዲዮ ገባችበትና "ሰዎች ለምን ይጎዱናል?" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳሱም ቀረ፣ እኛም አለቀልን።

ድሮ ደንበኛ መጥቶ "ከጎን ቀነስ አድርግልኝ" ካለ ይቀነስለታል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። አሁን እንዲህ ያለ ነገር የለም። "ከጎን እንዲቀነስልህ እንደምትፈልግ እየሰማሁህ ነው" ይለዋል። ሰውየው "አዎ" ይላል፣ ሌላ ምን ይበል? "ይሄ ስሜት መቼ ነው የጀመረህ?" ይለዋል። አይሳቁ መምህር፣ ምላጩ! ባለፈው አንድ ሹፌር "ሙልጭ አድርገህ ላጨኝ፣ አልቻልኩም" ቢለው ማሽኑን አጠፋና "ከምንድን ነው የምትሸሸው?" አለው። ከሙቀቱ ነዋ! ሰውየው ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ሳይነካ ስለ አባቱ ሲያወራ አረፈደ። እኔ ስም ማጥፋት አልወድም፣ ሲወጣ ቀለል ብሎት ነበር። ሰው አስለቅሶ ገንዘብ መቀበል እንዲህ ቀላል ሙያ መሰለዎት?

እኔንም አልማረኝም። ሳል ይዞኝ "እህህ" ብል "የታፈነ ንዴት ነው" አለኝ። ጸጉር ነው ጉሮሮዬ ውስጥ የገባው ብለው ማን ይስማኝ! ሚስቱን ደግሞ ናርሲሲስት ነሽ አላት፤ ራሱን ብቻ የሚወድ ማለት ነው አሉ። ምን አድርጋ መሰለዎት? ስትመለስ ዘይት ይዘህ ና ብላ። ምስኪን፣ ምስጋና መስሏት "አንተም እንደዚያው ነህ" አለችው። ከዚያ በኋላ እሱ ሲያስብበት ዋለ፣ እሷ ዘይቱን ራሷ ገዛች።

ድንበር የሚባል ነገርም ተምሯል። ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ሰው ድንበር ሊኖረው ይገባል። የሱ ድንበር የት ጋ እንደሆነ ያውቃሉ? መጥረጊያው ጋ! ወለሉ በጸጉር ተሞልቶ "ዛሬ ያንተ ተራ ነው" ሲባል "ሰላሜን እየጠበቅኩ ነው" ይላል። ይጠብቅ እንግዲህ። እኔ ወለሉን እጠርጋለሁ፤ እኔ ሰላም የሚባል ነገር ከየት አምጥቼ?

አገጭዎን ቀና ያድርጉልኝ… እንዲህ። ያንን ወንበር አዩት? ያንን ፎጣ የተጣለበትን። የሬዲዮ ወንበር ነው፤ ሬዲዮ የምንለው ያ ባልደረባችን፣ መቼም አልረሱትም። ጠዋት በር ከምንከፍትበት ጀምሮ አፉ የማያርፍ! ጸጉሩ ሳያድግ ለሱ ወሬ ብቻ የሚመጣ ደንበኛ ነበረን። እርስዎ ራስዎ ጋዜጣዎን አጥፈው ጆሮዎን ሲያቀኑ አይቻለሁ፣ አይካዱ። ታዲያ አንድ ሰሞን ሬዲዮ ዝም አለ። መጀመሪያ ቀልዱ ቀረ። ከዚያ ሰላምታው ቀረ። ምሳውን ይከፍትና ሳይነካው መልሶ ይከድነዋል። አንድ ቀን የደንበኛውን ጸጉር ጨርሶ፣ ማሽኑ እጁ ላይ እየጮኸ፣ መስታወቱን ሲያይ፣ ሲያይ፣ ሲያይ… እኔ ነኝ ከእጁ ተቀብዬ ያጠፋሁት።

እኛ እንግዲህ ምን እናውቃለን? "ምን ሆነሃል? ሻይ ልጥራልህ?" እንላለን። የኛ እውቀት ሻይ ላይ ያበቃል። ዶክተራችን ግን፣ ዕድሜ ለኢንተርኔት፣ ገና ሲያየው አወቀው። "ትኩረት ፈልጎ ነው። ችላ ስትሉት ይተወዋል" አለን። ከኪሱ አላመጣውም፣ ቪዲዮ አይቶ ነው። እናም ችላ አለው። ክርናቸው እየተነካካ፣ በአንድ መስታወት እየተያዩ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ችላ! የተማረውን እንዲህ በተግባር የሚያውል ተማሪ እርስዎ አጋጥሞዎት ያውቃል? እውነትም ሬዲዮ ተወው። ዝምታውን አይደለም። መምጣቱን ተወው።

የሚያሳዝነኝ ምኑ መሰለዎት? ሬዲዮን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ሙያውን አብረው ነው የተማሩት። እጃቸውን የፈቱት አንዱ በሌላው ጭንቅላት ላይ ነው። የመጀመሪያ ቀን ዶክተሩ እዚህ ከሬዲዮ ጆሮ በላይ ያወጣበትን መላጣ ካላዩ ምን አዩ! ሬዲዮ በዚያ ሐሩር ኮፍያ አድርጎ ከረመ፤ ለጠየቀው ሁሉ "ፋሽን ነው" እያለ። ጓደኛውን አላሳጣም። ከዚያ ወዲህ የሬዲዮን ጸጉር ከሱ በቀር የነካ ሰው የለም፣ የሱንም ከሬዲዮ በቀር። የኛ ሥራ እንደሚያውቁት ነው፤ የሰው ጭንቅላት ስናስተካክል እንውላለን፣ የራሳችን ማጅራት ጋ ግን እጃችን አይደርስም።

ትናንት ጠዋት የሬዲዮ እህት መጣች። ዳቦ ቤት የምትሠራዋ፤ ዱቄቱን እንኳ ከክንዷ አላራገፈችም። ሐኪም ቤት ወስዳዋለች፣ እግዜር ይስጣት። ድብርት ነው ተብሏል፤ የምሩ፣ ሰው የሚጥለው፣ ትኩረት ፍለጋ ያልሆነው። መድኃኒት ጀምሯል፣ ሰው አይለየው ብለዋታል። ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለው፣ መድኃኒቱም እያለቀ ነው። ግን "እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት አልወጣም" ብሏል። ጸጉር አስተካካይ ነዋ! ጸጉሩ ማጅራቱን አልፎ ወርዷል። "እኔ በመቀስ ልቀንስልህ" ስትለው እምቢ። "ሰው ልጥራልህ" ስትለው እምቢ። "የሚቆርጠኝ ሰው አለኝ፤ ይመጣል" ነው የሚላት። ሌላ ብዙ ቃል አይወጣውም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ብሎ ያያል አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። ምሳ ሰዓት ላይ ማሽኔን በፌስታል ጠቅልዬ ሄድኩ። ሲያየኝ ደስ አለው፣ እጄን ይዞ አልለቅም አለ። ፎጣውን ትከሻው ላይ ላደርግ ስል ግን መዳፉን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። እንዲህ። በዕድሜዬ ጭንቅላቱን የነፈገኝ ሰው ሬዲዮ ብቻ ነው፣ እሱንም አልተቀየምኩትም። ማሽኔን መልሼ ጠቀለልኩ፤ ትንሽ አብሬው ተቀመጥኩና ወጣሁ።

"ለዶክተሩ አልነገረችውም?" ይሉኝ ይሆናል። ነገረችው እንጂ! ፊት ለፊቱ ቆማ፣ አንድም ሳታስቀር። አቤት ሲያዳምጣት! ማዳመጥ ተምሯል እኮ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ "በጣም እንደተጨነቅሽ እየሰማሁሽ ነው" አላት። ከዚያስ? "ሊንክ እልክልሻለሁ" አላት። ሊንክ! ያቺን ቁልፏ የተፋቀ ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ አሳየችው። "ይሄ ቪዲዮ አይከፍትም፣ ወንድሜ" አለችው። እኔ ያን ጊዜ ዞሬ ማበጠሪያ አጥብ ነበር፤ ንጹሑን ማበጠሪያ።

ለሬዲዮም በየጠዋቱ ይልክለታል አሉ። "ሰባቱ የድብርት ምልክቶች" የሚለውን ነገር። ልጁ ምልክቱን መቼ አጣው? ከነምልክቱ እኮ ነው የተቀመጠው! "ሄደህ እየው" ሲባል "ሰው ራሱ ካልፈለገ አይረዳም፤ እኔም ኃይሌን መጠበቅ አለብኝ" ይላል። ቤቱ ሩቅ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ እኮ ነው፤ እዚህ በር ላይ ሆኜ ብጣራ ይሰማኛል። እዚያች ድረስ ሄዶ የሚያልቅ ኃይል ምን ዓይነት ኃይል እንደሆነ እርስዎ የፊዚክስ መምህር ነዎት፣ ይንገሩኝ።

እና ምን አደረግኩ መሰለዎት? ማታ ቤት ስገባ ልጄን ያንን ቪዲዮ ክፈችልኝ አልኳት። የምታስተምረው ሴትዮ ሐኪም ናት፤ ረጋ ያለች፣ ስትናገር የማታስቸኩል፣ የምትወደድ ሴት። እኔ ሥራ ፈት ስለሆንኩ እስከ መጨረሻው አየሁት። መሃል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል። የኛ ዶክተር እዚያ ጋ ሲደርስ ነው መሰለኝ ወደ ሌላው የሚያልፈው። ከሳሙናው በኋላ ምን ትላለች? "ይህን አይታችሁ ሰው አትመርምሩ። እንዲህ የሆነ ወዳጅ ካላችሁ ምክር አትደርድሩለት፤ ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ሐኪም ጋ ሲሄድም አብራችሁት ሂዱ።" ይኸው ነው ያለችው። ሊንክ ላኩ ስትል በጆሮዬ አልሰማሁም። ይሄን ያህል ተምሮ፣ ይሄን ያህል ደክሞ፣ ከሳሙና የተመለሰ ተማሪ አያሳዝንም?

ወንድሜ፣ ምነው አንዱን ጆሮህን ነቀልከው? ባትሪ ጨረሰ? አይ፣ አንተን አልጠራሁም፤ ከመምህር ጋር እየተጫወትን ነው። ቀጥል ቀጥል፣ ትምህርትህን አታቋርጥ።

ክፉ ሰው ነው እያልኩ እንዳይመስልዎት። ክፉ ቢሆን ለሱ ስል ይሄን ሁሉ አረፋ ፊትዎ ላይ ባላደረቅኩ ነበር። ፈርቶ ነው። እኔ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ። ያንን ሁሉ ሲያስቀው የኖረ ሰው ዝም ብሎ ሲያየው ምን ይበለው? የቪዲዮው በሽተኛ ቀላል ነው፤ አታውቀውም፣ አያውቅህም፣ ሲበዛብህ በጣትህ ታሳልፈዋለህ። እኔም ትናንት ያንን በር ሳንኳኳ እጄ ከብዶኝ ነበር፣ አልዋሽዎትም። ግን አንኳኳሁ። ከፈቱልኝ። አልሞትኩም።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ጠጋ ይበሉ። የዚያ ሰው ማጅራትም አድጓል። ጸጉር አስተካካይ ሆኖ! ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ገብቷል። "ና እኔ ላስተካክልልህ" ብለው "ቆይ" አለኝ። ማንን ነው የሚቆየው? አንዱ እዚያ ጭንቅላቱን ይዞ ይጠብቃል፤ አንዱ እዚህ "ቆይ" ይላል፤ መሃላቸው ያለው አንድ ዳቦ ቤት ነው። ቀጠሮው ደግሞ ነገ ነው። ለዚህ የሚሆን ቪዲዮ ካገኙ እስቲ እርስዎም ይላኩልን። አደራ፣ ማስታወቂያ የሌለው ይሁን።

በሉ ጨረስን። ይዩት እስቲ… ሙሽራ መስለዋል! ሎሽኑ ትንሽ ያቃጥላል፣ ወዲያው ይተውዎታል። ዛሬስ አብዝቼ አወራሁ፤ ሰውየውን ሳልመርቀው ብለቅዎት ደስ አይለኝም። ዕድሜ ይስጠው። ጤና ይስጠው። ኢንተርኔቱ አይቆረጥበት። ሰላሙን ማንም አይንካበት፣ ኃይሉ ጠብ አይበልበት። መቼም ሰው ነውና፣ አይበለውና… አንድ ቀን እሱም አፉ ቢታሰር፣ ምሳው አልወርድ ቢለው፣ በር ሲንኳኳ ቀና የሚያስብለው ቀን ቢመጣበት፣ እግዜር ልክ እሱን የመሰለ፣ በምንም ከሱ የማያንስ ጓደኛ ይስጠው።

አሜን ይበሉ እንጂ መምህር። አንተም አሜን በል፣ ወንድሜ… ምርቃት እኮ ነው።