ከሚነዝረው ቧንቧ ፊት የቆሙት የአቶ ግሩም ጎበና ዜና ሕይወት

ብርዱን ችላችሁ እዚህ የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ አቶ ግሩም ጎበና ከአባታቸው ከአቶ ጎበና ዋቅቶላና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገርነሽ በ1954 ዓ.ም. ካራ ተወለዱ። በኮተቤ ትምህርታቸውን ከተከታተሉ በኋላ የቧንቧ ሥራ ሠልጥነው፣ በአንድ የሕንፃ ድርጅት ተቀጥረው ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሲሆን፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራም ቧንቧ ከዘረጉት አንዱ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ከወይዘሮ ለተሥላሴ ጋር ጋብቻ መሥርተው ብርሃነመስቀልንና ኪያን ወልደዋል።

እዚህ ላይ «ደፋር ነበሩ» ተብሎ ቢነበብ ሬሳቸው ራሱ ይታዘበናል። አቶ ግሩም ፈሪ ነበሩ፤ ፍርሃታቸውም ምክንያት ነበረው። መሪ ሰፈር በአንድ ግቢ፣ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ደጅ የተገጠሙት የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧዎች ያፈስሳሉ ተብለው ከባልደረባቸው ከገመቺስ ጋር ተጠርተው ሄዱ። የቤቱ ሰዎች «ቦይለሩን አጥፍተነዋል» ስላሏቸው፣ እሳቸው መሣሪያ ከሣጥን እስኪያወጡ ገመቺስ ቀድሞ የሙቁን ቧንቧ ያዘ። የጠፋው የኮሪደሩ መብራት ኖሯል እንጂ ቦይለሩ አልነበረም። ገመቺስ ቧንቧውን እንደጨበጠ ኤሌክትሪክ ይዞት በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ አቶ ግሩም የቦይለሩን ማጥፊያ በገዛ እጃቸው ሳያወርዱ፣ የውሃውን ዋና መዝጊያ ሳይዘጉ፣ ውስጡ የቀረውን ውሃ ሳያስወርዱና ብረቱን ኤሌክትሪክ ሲነካ በሚበራው ቴስተር ሳይሞክሩ ፒንሳ አንሥተው አያውቁም። ከአፉ የሚንጠባጠበው ቧንቧ ጎሚኒው፣ የውስጥ ላስቲኩ ማለት ነው፣ ያለቀ፣ ከአንገቱ የሚያለቅሰው ማሠሪያው የላላ መሆኑን ከሩቅ አይተው ይለያሉ፤ ለመንካት ሲጠጉ ግን ላብ ያጠምቃቸዋል። ባልደረቦቻቸው «ግሩም እኮ ጎሚኒ ሊቀይር ንስሐ ይገባል!» እያሉ ሲሥቁባቸው፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው ያልፏቸው ነበር።

ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና፣ በ2013 ክረምት ፍርሃታቸው ከገዛ ትዳራቸው ደጃፍ መጣ። ከእንጦጦ ግርጌ ቤት የሚያከራዩት ወይዘሮ ሰርክአዲስ፣ በግቢያቸው የሚያፈስሰው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ሥር የብረት ሳፋ አስቀምጠው ነበር። አንዲት ተከራይ የሚያማቸውን እግር ቢዘፈዝፉበት ነዘራቸው፤ በማግስቱም «ቀለለኝ» አሉ። አቤት ወሬ! ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቱን የሚያመው ሁሉ ተራ ይዞ ተሰለፈ። ጸበል በስፍራው ጸበል ነው፤ ይህ ግን ከተበላሸ ቦይለር የሚወርድ የቧንቧ ውሃ ነበር።

ወይዘሮ ሰርክአዲስ አቶ ግሩምን ያስጠሯቸው ሊያስጠግኑ እንዳይመስላችሁ! «ጠብታው ቀጥኖብናልና ትንሽ ያስፉልን» ብለው ነው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በሙያ ዘመናቸው ሰምተው የማያውቁት አቶ ግሩም ግራ ገብቷቸው ሲደርሱ፣ ግቢው በዝናብ ርሷል፤ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ሰልፈኛውም «ኃይሉ ሄደብን» እያለ ይተክዛል። ከሰልፉ ፊት ገበያ ሄጃለሁ ያሉት ወይዘሮ ለተሥላሴ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሁለት እግራቸውን ሳፋው ውስጥ ነክረው፣ ኃይሉ ሲመለስ እንዳያመልጣቸው ቧንቧውን በእጃቸው ጨብጠው ቆመዋል።

አቶ ግሩም ያዩት ገመቺስን ነበር። መብራት ይመጣል፤ አሁን ይምጣ በኋላ የሚያውቅ የለም፤ በመጣ ቅጽበት ወይዘሮ ለተሥላሴን የያዘ ሰው አብሯቸው ይቀራል። «ለተ፣ ልቀቂው! መብራት ይመጣል!» ቢሉ፣ ወይዘሮ ለተሥላሴ «እሱን አይደል የምንጠብቀው! ደግሞ ሰው ፊት በፍርሃትህ አታዋርደኝ» ብለው ዘወር አሉ። ያን ጊዜ አቶ ግሩም ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ባለቤታቸውን ከወገባቸው አንቀው ጎተቱ። ሳፋው ተገለበጠ፣ ወይዘሮ ለተሥላሴ ጭቃ ላይ ወደቁ፣ ሰልፈኛው በእርግማን ተነሣ።

እርግማኑ ሳይበርድ ከመንደሩ ልጆች «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። አቶ ግሩም ቴስተሩን ቧንቧው ላይ አሳረፉ፤ በራ። ይኼኔ ሰዉ ይደነግጣል ሲሉ «እዩት ኃይሉን!» ተብሎ እልልታው ቀለጠ። እሳቸው ግን ወደ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ቤት ሮጠው ገብተው ማጥፊያውን አወረዱ፣ ውሃውን ዘጉ፣ ጎሚኒውን ቀየሩ፣ የቦይለሩንም ሽቦ ቆረጡ። በረከት የቆረጠ ሰው ተብለው ከግቢው ተባረሩ። ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውምና ባለቤታቸውም አኩርፈው ከረሙ።

አቶ ግሩም ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር «አንዱ ሽቦውን ቀጥሎት ይሆን?» እያሉ ከካራ ድረስ እየሄዱ በአጥር ያዩ ነበር። የልብ ሕመም አልጋ ላይ ባዋላቸው ጊዜም ጥያቄያቸው ያው ስለነበር፣ ወይዘሮ ለተሥላሴ የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ ሄዱላቸው። ወይዘሮ ሰርክአዲስም በሹክሹክታ፣ ቦይለሩ ዐምና ባለሙያ ሳይጠራ እንደገና ተቀጥሎ እንደነበረና አንድ ጎልማሳ ተከራይን ወርውሮ ከግድግዳ ካላተመው በኋላ ነቅለው እንደጣሉት ነገሯቸው። ወይዘሮ ለተሥላሴ እዚያው ቁጭ አሉ። የባላቸው ፍርሃት ከዓመታት በኋላ ያን ቀን ሙሉ በሙሉ ወደቀባቸው። ቤት ገብተው የባላቸውን እጅ ይዘው፣ «አይቼዋለሁ፤ ተነቅሏል። በቃ፣ አሁን ተኛ» አሏቸው። አቶ ግሩምም ተኙ፤ ትናንት ማለዳም በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ከአቶ ግሩም የቀሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተሥላሴ፣ ልጆቻቸው ብርሃነመስቀልና ኪያ ናቸው። ደግሞም፣ ብትቆጡም ይነበባል፣ ያን ቀን ከወይዘሮ ለተሥላሴ ኋላ ባዶ እግራችሁን ተራ ይዛችሁ የነበራችሁና ዛሬ እዚህ ቆማችሁ የምታለቅሱ ሁሉ፣ እናንተም ከእሳቸው የቀራችሁ ናችሁ።

ስለ እኛ ስትፈራ የኖረችውን ነፍሳቸውን አምላካችን ፍርሃት በማይደርስበት ያሳርፍልን። አሜን።